መርከቡ ከቆመ መርከበኛው ለምን አይወርድም? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም መርከባችን ህንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ሲሸልስ፣ ማሄ ደሴት ፊት ለፊት መልህቅ ጥሎ ተራ ሲጠብቅ እኛ በጀልባ እየወረድን ከተማ ስለምንውልበት ነገር ትንሽ ጻፍ አርጌ ነበር። ማን ያነበዋል ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ግን ከወሎ ብቻ የመጣው ጥያቄ ስልኬን አጨናነቀው፣ ለካ በየሰፈሩ አንድ መርከበኛ ወይ መርከበኛ ሊሆን ያሰበ ልጅ አለ። ባህር በሌለው አገር ይሄ ይገርማል፣ ግን ባህርዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ማሰልጠኛ ኢንጂነሮችን እያዘጋጀ ለውጭ መርከብ ማብቃት ከጀመረ ወዲህ የኛ ልጆች ያልረገጡት ውቅያኖስ የለም። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አርጌያለሁ፣ ያልደረሰው አይቀየመኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ መርከብ ላይ ኤሌክትሪሺያን ነው። ባለፈው ሲደውል ደሴት አጠገብ ቆመናል፣ ዛፉም ቤቱም ይታየኛል አለኝ። ታዲያ ወርደህ እግርህን አፍታታ ብለው አልተፈቀደልኝም አለ። ፓስፖርቴም ካፕቴኑ ጋ ነው ይለኛል። ልጄን አስረውት ነው ወይ? እውነቱን ንገረኝ። (አንዲት እናት፣ ከውጫሌ፣ የላከችልን የእህታቸው ልጅ ናት)

መልስ፦ እማማ አብሽሩ፣ ልጅዎ አልታሰረም። ፓስፖርቱን ካፕቴኑ ሰብስቦ ማስቀመጡ የተለመደ ነው፣ በየአገሩ ኢሚግሬሽን ሲመጣ የሁሉም ወረቀት አንድ ላይ ይፈለጋል።

የማይወርድበትን ምክንያት ልንገርዎት። መርከብ መልህቅ ጣለ ማለት መኪና ፍሬን ይዞ ቆመ ማለት አይደለም። መርከቡን የሚይዘው መልህቁ ብቻ ሳይሆን ሰንሰለቱ ነው፣ ውሃው 30 ሜትር ጥልቀት ካለው 150 ወይ 160 ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል፣ አብዛኛው ባህሩ ወለል ላይ ተጋድሞ በክብደቱ ነው የሚይዘው፣ ንፋሱ ሲዞር መርከቡም አብሮ ይዞራል፣ ንፋሱ ከበረታ ደግሞ መልህቁ እየተጎተተ መርከቡ ወደ ድንጋዩ ወይ ወደ ጎረቤት መርከብ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው ቆሞም ቢሆን ሌት ተቀን ላዩ ላይ ዎች (ተረኛ ጠባቂ) ያለው፣ ሞተር ክፍሉም ለመነሳት ዝግጁ ሆኖ የሚጠበቀው። ስለዚ የሚወርደው በተራ ነው። ልጅዎ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ነው ካሉኝ ብዙ ጊዜ መርከቡ ላይ ከሱ ሌላ ኤሌክትሪሺያን የለም፣ አንድ ጄኔሬተር ካስቸገረ ተራው ተበላ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ የደሴቱ ሰዎች ናቸው። የጤናና የኢሚግሬሽን ሰዎች ወረቀቱን አይተው እሺ እስኪሉ ማንም አይወርድም፣ እስከዚያ ቢጫ ባንዲራ ተሰቅሎ ይቆያል። ከዛ የሚያወርድ ጀልባ (እኛ ሎንች ነው የምንለው) መከራየት አለበት፣ ይሄ ገንዘብ ነው፣ አንዳንዱ ኩባንያ ይከፍላል አንዳንዱ ራሳችሁ አዋጡ ይላል። ባህሩ ከተናወጠ ደግሞ ገንዘብም አያዋጣም።

ግን መብት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የመርከበኞች የሥራ ኮንቬንሽን መርከበኛ ለጤናውና ለደህንነቱ መሬት ወርዶ እንዲናፈስ ሊፈቀድለት ይገባል ይላል፣ ሥራው እስከፈቀደ ድረስ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ደርሶ አንዴም ሳይወርድ ያለምክንያት ከተከለከለ እዛው መርከቡ ላይ አቤት የሚልበት መንገድ አለ፣ ካልሆነም አይቲኤፍ የሚባለው የዓለም ትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን በየወደቡ ተቆጣጣሪዎች አሉት። በደወለ ቁጥር ለምን አልወረድክም አይበሉት ግን፣ እሱም ከእርስዎ በላይ ዛፉን እያየ ነው የሚቃጠለው። ጸሎቱን ብቻ አያቋርጡበት።

ጥያቄ፦ አያ ሰላም ነው? የወልዲያ ልጅ ነኝ፣ ካዴት (ተለማማጅ) ሆኜ የመጀመሪያ መርከቤ ላይ ልወጣ ነው። ሲሸልስ ጋ እንቆማለን ተብሏል። 5 ወይ 6 ሰዓት ቢሰጡኝ ምን ላድርግ? ያ ኮኮ ደ ሜር የሚሉትን ትልቁን ኮኮናት ማየት አለብኝ። ቪዛስ ያስፈልገኛል? ምን ልያዝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሰዓቱን ተማር። ቀልዴን አይደለም፣ ከአበሻ መርከበኛ ብዙውን ጣጣ የሚያመጣው ሰዓት ነው። የመጨረሻው ሎንች በ4 ነው ሲሉህ ያንተ ጭንቅላት የኛን 4 ሰዓት ያስባል፣ እነሱ ግን 16:00 ማለታቸው ነው፣ የኛ 10 ሰዓት ከሰዓት። ስልክህን ከአሁኑ በ24 ሰዓት አድርገው። በዛ ላይ ሲሸልስ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ መርከቡ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፣ ካፕቴኑ ካላስተካከለው የመርከቡና የደሴቱ ሰዓት ይለያያል። ስለዚ ጋንግዌይ (የመርከቡ መውረጃ መሰላል) ላይ ያለውን ዎችማን "በማን ሰዓት?" ብለህ ጠይቅ። አንድ የማውቀው ልጅ ይሄን ሳይጠይቅ ወርዶ ሎንቹ ጥሎት ሄዶ ማታ ኤጀንቱ (ወደቡ ላይ ያለው የኩባንያው ወኪል) በራሱ ጀልባ አመጣው፣ ሂሳቡ ከደሞዙ ተቆረጠ፣ ዕድለኛ ነው መርከቡ አልተነሳም። መርከቡ ቢነሳ ኖሮ ጠፋ ተብሎ ለፖሊስና ለኢሚግሬሽን ይመዘገብ ነበር፣ ከዛ በኋላ ሌላ ኩባንያ መቀጠር ከባድ ነው።

ቪዛ፦ በዓለም አቀፉ የባህር ትራፊክ ስምምነት መርከበኛ ለሾር ሊቭ (ለአጭር ጊዜ መሬት ወርዶ ለመናፈስ) ቪዛ አይጠየቅም፣ ሾር ፓስ የምትባል ወረቀት ይሰጡሃል፣ እሷን ይዘህ ትወርዳለህ ይዘህ ትመለሳለህ። ሁሉም አገር ግን ይሄን አያከብርም፣ አሜሪካ ለምሳሌ የመርከበኛ ቪዛ ከሌለህ ከመርከብ አያወርድህም፣ እዛ ስትሄድ በዚህ ደሴት ሂሳብ እንዳትለካው። ሲማን ቡክህን (የመርከበኛ መታወቂያ ደብተርህን)፣ የቢጫ ወባ ካርድህን (ከኢትዮጵያ ስለሆንክ ይጠይቁሃል) አዘጋጅ። ኪስህ ውስጥ ደግሞ በወረቀት የተጻፈ ነገር ይኑርህ፣ የመርከቡ ስም፣ የኤጀንቱ ስልክ፣ የምትሳፈርበት ጄቲ ስም፣ የመጨረሻው ሎንች ሰዓት። በስልክ ይዤዋለሁ እንዳትለኝ፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል ውሃ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሎንች መውረዱ። ይሄን ማንም በደንብ አይነግርህም። ጋንግዌዩ በመርከቡ ጎን ተንጋዶ ይወርዳል፣ ታች መጨረሻው ላይ አንድ ሰው የምታቆም ጠፍጣፋ ነገር አለች፣ እዛች ላይ ቆመህ ስታይ ሎንቹ አንዴ ጉልበትህ ጋ ይደርሳል አንዴ ደግሞ ከአንተ ቁመት በላይ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሾፌሩ ይጮሃል፣ ጎማዎቹ ከብረቱ ጋ ሲፋተጉ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። እጅህ ባዶ ይሁን፣ ቦርሳህ በገመድ ይወርዳል። ላይፍ ጃኬቱን እስክትቀመጥ አትፍታ። ሎንቹ በሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ በዛች አፍታ ትራመዳለህ፣ ትራመዳለህ ነው ያልኩህ፣ አትዘልም። መውረድ ከጀመረ ተወው፣ ቀጣዩን ጠብቅ፣ ከኋላ ያሉት ቢጮሁም ጠብቅ፣ የሰው እግር በመርከብና በሎንች መካከል ከገባ ተመልሶ እግር አይሆንም። ይሄንኑ ነገር ማታ በመመለሻ ሰክረህ ማድረግ እንደማትችል አስበው፣ ለዚህ ነው ቢራው ላይ የማጠብቀው። ካፕቴኑም በትንፋሽ አልኮል የሚለካበት መንፊያ አለው፣ የዓለም አቀፉ ወሰን በደም 0.05 በመቶ ነው፣ ብዙ ኩባንያ ደግሞ ዜሮ ነው የሚለው።

ስትደርስ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ትንሽ ናት፣ በእግርህ ትጨርሳታለህ። መንገድ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ፣ መኪናው በግራ ነው የሚነዳው። በጠዋት ከደረስክ ገበያው ሂድ፣ ሰር ሰልዊን ክላርክ ነው የሚባለው፣ ቡርዥዋ የሚሉት ቀይ ዓሳና ቱና በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነጫጭ ወፎች ከላይ ሆነው ይጠብቃሉ፣ ጎን ላይ ቃሪያ፣ ቫኒላ፣ ቀረፋ። ቀረፋ እዛ ተራራው ላይ በራሱ በቅሎ ነው የሚገኘው፣ እኛ ጋ ደሴ ገበያ በቁንጥር የምትገዛው። ሰው በክሪዮል ነው የሚያወራው፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛም ብዙው ሰው ይሰማል፣ ቦንዙር በል ይበቃል።

ኮኮ ደ ሜር ያልከውን ግን ሁሉም ሰው ፕራላን ደሴት ቫሌ ደ ሜይ ካልሄድክ አታየውም ይልሃል። እውነት ነው ጫካው እዛ ነው፣ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ ግን በፈጣኑ ጀልባ መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በ5 ሰዓት ሾር ሊቭ ሌላ ደሴት መሄድ እብደት ነው። እዛው ቪክቶሪያ የዕፅዋት መናፈሻ አለ፣ ከከተማው መሃል በእግር፣ እዛ ዛፉም ፍሬውም አለልህ፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ የአልዳብራ ኤሊዎችም አሉ፣ ቅጠል ትሰጣቸዋለህ አንገታቸውን ሳብ አድርገው ይቀበሉሃል። ፍሬዋ 20 ኪሎ አልፋ ትሄዳለች። ልግዛ ካልክ ውድ ነው፣ የመንግሥት ሰርተፍኬት ከሌለው ደግሞ ጉምሩክ ይወርስብሃል። ከባህር ዳር የለቀምከውን ዛጎልና ኮራልም እዛው ተወው።

ጊዜ ከተረፈህ በአውቶቡስ ተራራውን ተሻግረህ ቦ ቫሎን ሂድ፣ ባህር ዳርቻው እሱ ነው። ግን ወደ ጄቲ መመለሻውን በአውቶቡስ አትመን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም በል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ከተማውን ስትዞር እንግሊዞች ይሄን ደሴት ለግዞት ይጠቀሙበት እንደነበር አስብ። የአሻንቲው (የዛሬዋ ጋና) ንጉሥ ፕሬምፔ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1924 እዛ ነበር፣ ከዛሬዋ ኡጋንዳ ደግሞ የቡጋንዳው ንጉሥ ሙዋንጋና የቡንዮሮው ካባሌጋም እዛው ተግዘዋል። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያስር ነበር፣ ምኒልክ ግን ከመቅደላ አምልጦ የወሎዋ ወርቂት ጋ ደረሰ። ከማሄ ግን በየት በኩል ማምለጥ ይቻላል? እኔ ከሎንቹ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ ስመለከተው ያሰብኩት ይሄ ነው፣ ለቱሪስቱ ገነት የሆነው ቦታ ለፕሬምፔ የ24 ዓመት ግዞት ነበር።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ መርከብ ላይ ነው። ደሴት አጠገብ ቆመናል ይለኛል ግን ኔትወርክ የለም ይላል። ከተማው እየታየው እንዴት ኔትወርክ ይጠፋል? ደግሞ መርከበኛ በየወደቡ ሚስት አለው ይባላል፣ እውነት ነው? (ከደሴ፣ ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ሁለተኛውን መጀመሪያ ልመልስልሽ። አምስት ሰዓት ተሰጥቶት፣ ሁለቱ በሎንች ጥበቃ አልቆ፣ የቀረው ሲም ካርድ ሲፈልግ አልቆ፣ ሚስት ማግባት ይቅርና ፀጉር ለመቆረጥም አይደርስ። የድሮ ወሬ ነው፣ መርከብ ወደብ ላይ ሳምንታት በሚቆምበት ዘመን የተወራ። ክፉ ሰው መሬት ላይም ክፉ ነው፣ እሱን ያው አንቺ ታውቂዋለሽ።

ኔትወርኩ ግን እውነቱን ነው። መልህቅ የሚጣልበት ቦታ ከባህር ዳሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፣ የስልክ ታወር ለመሬት እንጂ ለባህር አልተተከለም፣ መርከቡ በሰንሰለቱ ሲዞር ካቢኑ በሌላ በኩል ይሆናል፣ ብረቱም ይጋርደዋል። ፎቅ ላይ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ ሁለት መስመር ያገኛል፣ ልደውልልሽ ሲል ይቋረጣል። አሁን ብዙ መርከብ ስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) እያስገባ ስለሆነ እየተሻሻለ ነው፣ ሁሉም ጋ ግን አልደረሰም።

ይሄ የሲግናል ረሃብ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 በሐምሌ ወር ዋካሺዮ የሚባል ትልቅ የጃፓን ኩባንያ መርከብ ሞሪሸስ ደሴት አጠገብ ኮራል ላይ ወጥቶ ቀረ። የፓናማ የባህር ባለስልጣን በኋላ እንዳለው ወደ ደሴቱ የተጠጋው የስልክና የኢንተርኔት ሲግናል ፍለጋ ነው። ወደ 1,000 ቶን ነዳጅ ባህሩ ላይ ፈሰሰ፣ መርከቡ ለሁለት ተሰበረ፣ ካፕቴኑና ምክትሉ ተፈረደባቸው። በኮሮናው ጊዜ ነው፣ በዚያ ዓመት 400,000 የሚሆን መርከበኛ ኮንትራቱ አልቆ ቤቱ መግባት አቅቶት መርከብ ላይ ቀርቶ ነበር። ስለዚ ኔትወርክ የለም ሲልሽ አትኮራረፉ፣ ቤተሰብ ምን ላይ እንዳለ ድምጽ ቅጂ እየላክሽ አስቀምጪለት፣ ሲያገኝ ይሰማዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የባቲ ሰው ነኝ፣ በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ጭነት ሠርቻለሁ። ያኔ መርከብ ሲመጣ መርከበኛው ሁሉ ከተማ ይውል ያድር ነበር፣ ሻይ ቤቱ በነሱ ነበር የሚሞላው። ዛሬ የልጅ ልጄ በየወደቡ አንወርድም ይለኛል። ወጣቱ ሰነፈ ወይስ ምን ሆነ?

መልስ፦ አባባ፣ ዘመኑ ነው የሰነፈው። እርስዎ ጆንያውን በትከሻዎ ሲያራግፉ አንድ መርከብ ለማራገፍ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅ ነበር፣ መርከበኛው ምን ይሠራል ታዲያ፣ ከተማ ይውላል። ኮንቴይነር መጣና ክሬኑ እያነሳ ያወርደዋል፣ ጠዋት የገባ መርከብ በማግስቱ ይወጣል። መርከቡ ከበፊቱ ገዝፎ ሰዉ ግን ቀነሰ፣ 20 ምናምን ሰው ነው ይሄን ሁሉ ብረት የሚነዳው፣ ወደብ ላይ ደግሞ ሥራው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በዛ ላይ አሜሪካ ላይ የመስከረም 11ዱ ጥቃት ከደረሰ በኋላ የወደብ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ጠበቀ፣ አጥር፣ ካርድ፣ ፍተሻ፣ በር ላይ የሚጠብቅ የተፈቀደ ታክሲ። በእርስዎ ጊዜ ከመርከብ ወርዶ ሻይ ቤት መድረስ ምን ያህል ነው? አሁን በሩን ለማለፍ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

የልጅ ልጅዎ የሚያማርረው ነገር ይሄ ነው፣ ጊዜ ሲኖረው መልህቅ ላይ ነው፣ መሬት የለም። መሬት ሲነካ ደግሞ ወደብ ላይ ነው፣ ጊዜ የለም። ለዛ ነው ሎንቹ እንዲህ ብርቅ የሆነው። የአሰብን ነገር ግን እባክዎ ሰው ፈልገው ያስጽፉት፣ በባቲ በኩል ወርዶ አሰብ የሠራ የወሎ ሰው ብዙ ነው፣ የጻፈው ግን ጥቂት።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነው ያደግኩት፣ ዋና እንደ ዓሳ ነው። ከመርከቡ ላይ ዘልዬ ደሴቱ ድረስ ብዋኝስ?

መልስ፦ አይሆንም። በመጀመሪያ ካፕቴኑ ያባርርሃል። ሁለተኛ ከመርከቡ የምታየው ደሴት ቅርብ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ውሃው ደግሞ ይሄዳል። ሐይቃችን ባለበት ነው የሚቆየው፣ ባህር ግን በማዕበልና በሞገድ ወዲያና ወዲህ ይነጉዳል፣ ሐይቅ ላይ ያወቅከው ጉልበት እዛ አይበቃህም። ቀለል ብሎ ይሸከምሃል፣ ጨው ስላለው፣ እሱ ነው ሰውን የሚያታልለው።

ወርደህ ቦ ቫሎን ስትዋኝ ግን ደስ ይላል፣ ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቁ ንፋስ ሲነፍስ እሱ ጎን ጋብ ያለ ነው፣ ከታህሳስ እስከ መጋቢት ግን በተቃራኒው ሞገዱ በዛ በኩል ይመጣል። ድንጋይ ያለበት ቦታ ጫማ አርገህ ግባ፣ ድንጋይ መስሎ የሚቀመጥ መርዛም ዓሳ አለ፣ ረግጠኸው ከወጋህ እግርህን የምትችለውን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረውና ቶሎ ሐኪም ቤት። የደሴ ብርድ የለመደ ቆዳ በዛ ፀሐይ በአንድ ከሰዓት ይላጣል፣ ሸሚዝህን ለብሰህ ዋኝ፣ አይዞህ ማንም አይስቅብህም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ዓርብ ቀን መልህቅ ላይ ከሆንን ጁምዓ እንዴት ይሆናል? ቂብላስ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ሙሳፊር (መንገደኛ) ላይ ጁምዓ ግዴታ እንዳልሆነ ሼሆቻችን ይነግሩሃል፣ እኔ ሼህ አይደለሁም እነሱን ጠይቅ። ዓርብ ተራህ ከደረሰ ግን ቪክቶሪያ ውስጥ የሼህ ሙሐመድ ቢን ኸሊፋ መስጂድ አለ፣ ሞሪሸስ ፖርት ሉዊስ ከቆማችሁ ደግሞ ጁማ መስጂድ የሚባለው አሮጌ ትልቅ መስጂድ ከቻይና ሰፈሩ ጎን ነው፣ ሙስሊሙ ብዙ ነው ምግቡም አያስቸግርህም። ተራህን ከሌላ ልጅ ጋ ቀይር፣ ፊሊፒኖዎቹ እሁድን ስለሚፈልጉ ዓርብን በደስታ ይሰጡሃል።

ቂብላው ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮምቦልቻ ላይ መካ በቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፣ ማሄ ላይ ግን ከሰሜን ወደ ምዕራብ ትንሽ ዘንበል ይላል። የስልክህን ኮምፓስ ካቢን ውስጥ አትመነው፣ ዙሪያህ ሁሉ ብረት ነው ያሳስተዋል። መልህቅ ላይ ደግሞ መርከቡ ይዞራል፣ ሱብሒ ላይ አልጋህ ጋ የነበረው አቅጣጫ ዙህር ላይ በሩ ጋ ሊሆን ይችላል። ብሪጅ (መርከቡ የሚነዳበት ክፍል) ላይ ደውለህ ዎች ላይ ያለውን ኦፊሰር የመርከቡ አፍንጫ አሁን ስንት ዲግሪ ላይ ነው በለው፣ ጋይሮውን (ብረት የማያሳስተውን የመርከቡን ኮምፓስ) አይቶ ይነግርሃል፣ ማሄ ላይ ከሆንክ ከዛ ዲግሪ ተነስተህ 330 አካባቢን ፈልግ።

የደሞዝና የኮንትራት ጥያቄ የላካችሁ የወልዲያና የሳይንት ልጆች፣ እሱ ረጅም ስለሆነ ለሚቀጥለው እትም አስተላልፌዋለሁ። የኮንትራት ወረቀታችሁን ፎቶ ስትልኩ ስማችሁንና የፓስፖርት ቁጥራችሁን ሸፍናችሁ ላኩ።